የካርበን ዋጋ ማጀታችን ሲደርስ

በጎንደር ከተማ ለነዋሪዎች፣ ለመምህራንና ለነጋዴዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

በቅዳሜ ገበያ አንድ ጆንያ ከሰል የገዛ ሰው የሚከፍለው ለአክሳዩ ድካም፣ ለመኪናው ጭነት፣ በየኬላው ለሚቆረጠው ቀረጥና ለቸርቻሪው ትርፍ ነው። ለዛፉ የከፈለ የለም። ዛፉ በሥሩ ይዞት ለነበረው አፈር የከፈለ የለም። ያ አፈር በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ ወንዝ ሲገባ ለሚደርሰው ጉዳትም የከፈለ የለም። ሒሳቡ ግን ገዢው ስላልከፈለው ተሰርዞ አይቀርም፤ ሌላ ሰው ይከፍለዋል።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ካርበን ዋጋ እንድናገር ስጋበዝ ከከሰል ጆንያ መነሣት የፈለግኩት ጉዳዩ ሁልጊዜ የሩቅ ሀገር ወሬ ሆኖ ስለሚቀርብልን ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኛ ጎንደሮች ደግሞ ሥሩን ለማየት ከአንገረብ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። የአንገረብ ግድብ የዚህችን ከተማ ጥም እንዲያስታግስ የተሠራ ነው። ከላዩ ያለው ተፋሰስ ተራቁቶ፣ ቁልቁለቱ ሁሉ ታርሶ፣ በየክረምቱ የሚወርደው ደለል የውሃውን ቦታ እየተሻማው መጥቷል። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ቢጫ ጄሪካን ይዛ ከሰፈር ሰፈር የምትዞረው ልጅ፣ ከላይ የተቆረጠውን ዛፍና የታረሰውን ቁልቁለት ዋጋ በጉልበቷና በትምህርት ሰዓቷ እየከፈለች ነው። እርሷ ዛፉን አልቆረጠችም፤ ከከሰሉም አላተረፈችም።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ፒጉ በ1920 ያስረዳው ይህንኑ ነበር። (ዓ.ም. ብዬ ካልለየኋቸው በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ ሲያመርት ወይም ሲጠቀም በሌላው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በገበያው ዋጋ ውስጥ ካልገባ፣ ገበያው ጎጂውን ነገር ከልክ በላይ ያበዛዋል፤ ስለዚህ በጉዳቱ መጠን ግብር ይጣልበት አለ። የካርበን ዋጋ ማለት ይኸው ሐሳብ ለከባቢ አየር ሲውል ነው። ካርበን ዳይኦክሳይድ አዘዞ ላይ ወጣ በርሊን ላይ ወጣ፣ የሚያሞቀው ያንኑ አንድ ሰማይ ነው። ማን ብዙ ለቀቀ፣ ማንስ ተጎዳ ሲባል ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከሲሚንቶ የሚወጣውን ብቻ ብንቆጥር አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚለቀው ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ አንድ አሜሪካዊ ከ13 ቶን በላይ። እያንዳንዱን ድርቅ በአየር ንብረት ለውጥ ብቻ ማሳበብ ባይቻልም፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናብ ቀርቶ ከብት ሲያልቅና ሰው ሲሰደድ ለሰማ የጎንደር ሰው፣ ሰማዩ እየከፋ ሲሄድ ከፋዩ ማን እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም።

እንግዲህ "የካርበን ዋጋ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" የሚለው ክርክር ብዙ አያራምደንም። አንድ መንግሥት የአየር ንብረት ፖሊሲ አወጣሁ ሲል ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ዋጋው ሲጨምር ሰው የሚዞርበት ሌላ አማራጭ አለው ወይ? የተሰበሰበው ገንዘብስ ወደ ማን ይሄዳል? ለሁለቱም በቂ መልስ ካለ የካርበን ዋጋ ኢኮኖሚን አይጎዳም፤ እንዲያውም ያስተካክላል። መልስ ከሌለ ግን በድሃ ላይ የተጫነ ተጨማሪ ቀንበር ነው፤ ጭሱንም አይቀንሰውም።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ዋጋው በሁለት መንገድ ይተመናል። በመጀመሪያው መንግሥት በእያንዳንዱ ቶን ልቀት ላይ ግብር ይጥላል። በሁለተኛው ደግሞ በሥርዓቱ የታቀፉትን ዘርፎች ጠቅላላ ልቀት ይገድብና በዚያ ልክ ፈቃድ ያወጣል፤ ፋብሪካዎችና የኃይል ማመንጫዎች ፈቃዱን እርስ በርስ ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። ግብሩን በ1990 የጀመረችው ፊንላንድ ናት። የአውሮፓ ኅብረት የፈቃድ ገበያውን በ2005 ከፈተ፤ ቻይና በ2021 ተከተለች። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በ2019 ቀደመች። ዛሬ ከዓለም ልቀት ሩብ ያህሉ በአንድ ወይም በሌላ መልኩ ዋጋ ተቆርጦለታል።

አሁን ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች ልመለስ። ስዊድን ግብሩን በ1991 የጀመረችው በቶን 250 ክሮነር ነበር። ዛሬ ከ100 ዶላር በላይ ደርሶ በዓለም ላይ ካሉት ከፍተኛዎቹ አንዱ ሆኗል። አገሪቱ አልደኸየችም፤ ከ1990 ወዲህ ልቀቷ ከሩብ በላይ ሲቀንስ ኢኮኖሚዋ እያደገ ሄዷል። ይህንን የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። ግብሩ የገባው የሠራተኛው የገቢ ግብር በቀነሰበት በዚያው የግብር ማሻሻያ ውስጥ ነው። ደግሞም የስዊድን ከተሞች ቤቶች የሚሞቁት ከአንድ ማዕከል በቧንቧ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው። ግብሩ ሲከብድ ማሞቂያ ጣቢያዎቹ ነዳጁን ትተው ወደ እንጨት ተረፈ ምርት ዞሩ፤ ነዋሪው ግን ቤቱ ውስጥ አንድ ብሎን እንኳ አልፈታም። አማራጩ እደጁ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ፈረንሳይ በ2018 በነዳጅ ላይ ያለውን የካርበን ግብር ከፍ ስታደርግ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። አውቶቡስ በማይደርስበት ገጠር የሚኖረው ሠራተኛ ወደ ሥራው የሚሄደው በመኪናው ብቻ ነው፤ ነዳጅ ቢወደድም ከመክፈል ሌላ ምን ያደርጋል? በዚያው ዓመት ደግሞ መንግሥት በባለጸጎች ሀብት ላይ የነበረውን ግብር አቅልሎ ነበር። ሕዝቡ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አየና ቢጫ ሰደሪያውን ለብሶ አደባባይ ወጣ። ወሩ ሳይሞላ ጭማሪው ታገደ።

የካናዳው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ፌዴራል መንግሥቱ ከ2019 ጀምሮ በነዳጅ ላይ ከሰበሰበው ገንዘብ አብዛኛውን ለቤተሰቦች በቀጥታ ይመልስ ነበር። ብዙ ሰው ግን የባንክ ሒሳቡ ውስጥ የሚገባው ገንዘብ ከምን እንደመጣ በውል አያውቅም፤ ማደያ ላይ የሚያየው ጭማሪ ግን ሁልጊዜ ዐይኑ ላይ ነው። ፖለቲከኞች በዚያ ላይ ዘመቱ፤ በ2025 ኤፕሪል ላይ በተጠቃሚው ላይ የነበረው ክፍያ ተነሣ። ገንዘቡን መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ ከፋዩ መመለሱን ማየት አለበት።

ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው ግን የኢራን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ኢራን በ2010 ዲሴምበር የነዳጅና የዳቦ ድጎማ ስታነሣ ምክንያቷ የአየር ንብረት አልነበረም። ቢሆንም ነዳጅ የማስወደድ ጣጣው ያው ነው። መንግሥት ዋጋውን ከመጨመሩ በፊት ለየቤተሰቡ የባንክ ሒሳብ ከፍቶ ማካካሻውን አስቀድሞ አስገባ። ሰዉ ገንዘቡ መግባቱን ያያል፤ ማውጣት የቻለው ግን አዲሱ ዋጋ ሲታወጅ ነው። ነዳጅ በአንድ ሌሊት በብዙ እጥፍ ተወደደ፤ አገሩ ግን ጸጥ ብሎ አደረ። ስሕተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማካካሻው በተቆረጠበት መጠን ቆመ፤ የኑሮ ውድነቱ ግን አልቆመም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያ ገንዘብ የረባ ነገር የማይገዛ ሆነ። በ2019 ነዳጅ በድንገት ሲጨመር አደባባዩ በደም ታጠበ። ብራችን ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ምን ያህል እንደወረደ ለምናውቅ ሰዎች ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በብር የተቆረጠ ማካካሻ ከገበያው ጋር አብሮ ካልተራመደ ማካካሻ ሆኖ አይዘልቅም።

ኢትዮጵያ በስሙ የካርበን ግብር አልጣለችም። ሆኖም ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ቆይቷል፤ ለሕዝብ ማመላለሻዎች የተለየ ድጎማ በቴሌብር እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። አንድ ቀን የካርበን ግብር ቢመጣ ጎንደር ላይ ምን ያህል እንደሚሰማ አብረን እናስላ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7። በቶን 10 ዶላር ቢጣል፣ ዶላሩንም በ150 ብር ብናስበው፣ በሊትር ቤንዚን ላይ የሚጨመረው 3 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ፣ በናፍጣ ላይ 4 ብር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 400 ኩንታል የጫነ ከባድ መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ይጠጣል ብንል፣ በጉዞው ሁሉ የሚጨመርበት 1,300 ብር ገደማ ነው። ለኩንታል ሲካፈል 3 ብር ገደማ ይሆናል።

በወረቀት ላይ ኢምንት ነው። በተግባር ግን ነገሩ እንዲህ አይሄድም፤ ምክንያቱም የማደያው ዋጋና ሰዉ የሚከፍለው ዋጋ አንድ አይደሉም። መንገድ ሲዘጋ፣ ቦቴ ሲዘገይ፣ ማደያው በር ላይ ባጃጅ ለሊት ተሰልፎ ሲያድር፣ ቤንዚኑ በጄሪካን ከጓሮ ይወጣና ከታሪፉ እጅግ በላቀ ዋጋ ይሸጣል። የዚያ ልዩነት አንድም ብር ለመንግሥት ካዝና አይገባም፤ ለትምህርት ቤት፣ ለውሃ መስመር አይውልም። አቅርቦቱ ባልተስተካከለበት ከተማ ላይ የካርበን ግብር ቢጨመር፣ አራት ብሩን ሰበብ አድርጎ ሃያ የሚጨምር ነጋዴ አይጠፋም። መጀመሪያ ነዳጁ በማደያ፣ በታወቀ ዋጋ ይገኝ። ዋጋ ምልክት የሚሆነው ሰዉ በእርግጥ የሚከፍለው ዋጋ ሲሆን ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ፣ በጎንደር የኃይል ጉዳይ ዋናው ቦታ ማደያው አይደለም። ዋናው ቦታ ማጀት ነው። በኢትዮጵያ ከአሥር አባወራ ዘጠኙ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ነው። ይህ ኃይል ቆጣሪ የለውም፤ ደረሰኝ የለውም፤ ጉምሩክ አያየውም። የካርበን ግብር የሚይዘው በቧንቧ፣ በቦቴና በመርከብ የሚያልፈውን ነው። ሲሊንደር ጋዝና ነጭ ጋዝ ይወደዳሉ፤ ከቋራና ከአርማጭሆ ቆላ በጭነት መኪና ጀርባ የሚመጣው ከሰል ግን ባለበት ይቀጥላል። ያን ጊዜ ከከሰል ወጥታ ወደ ጋዝ የተሻገረች እናት ወደ ከሰል ትመለሳለች። በአየር ንብረት ስም የወጣ ሕግ ዛፍ ያስቆርጣል ማለት ነው። ለአውሮፓ የተቀረጸ ፖሊሲ እንዳለ ተገልብጦ ሲመጣ የማዝነው በዚህ ነው።

አንድ ኪሎ ከሰል በአፈር በተዳፈነ ባህላዊ ማክሰያ ለማውጣት አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይነዳል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ሙቀት አብዛኛው በዙሪያው ይበተናል፤ ምጣዱ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው የቤት ውስጥ ጭስ በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል። እናቶቻችን በጭስ የቀላ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሲጋግሩ አይተን አድገናል። ይህንን በማንኛውም የኢኮኖሚ ሒሳብ ውስጥ ዜሮ ብሎ መጻፍ ነውር ነው።

ታዲያ አማራጩ ምንድን ነው? ኤሌክትሪክ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ በ2025 ሴፕቴምበር ተመርቋል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገር እንጀራ ጭስ የለውም ማለት ይቻላል። እንቅፋቱ ከማመንጫው ሳይሆን ከመንደር ትራንስፎርመሩ ይጀምራል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። በአንድ መንደር ስምንት ቤት በአንድ ሰዓት ቢጋግር 28 ኪሎ ዋት ነው። በጥምቀት ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ተጨናንቃ፣ ማጀቱ ሁሉ ምጣድ በጣደበት ሰዓት መብራት ለምን እንደሚሄድ ከዚህ ቁጥር መረዳት ይቻላል። መብራት የሚሄድበት ቤት ደግሞ ከሰሉን አይተውም፤ ጥግ አስቀምጦ ይጠብቃል።

ታሪፉም አለ። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋግር፣ በወር ለምጣድ ብቻ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዝቅተኛው የታሪፍ እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ነው። ስለዚህ ድሃን ለመደገፍ የተቀመጠው እርከን አምፖልና ሬዲዮ እንጂ ምጣድ አይችልም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። የኤሌክትሪክ ተቋሙ ዕዳ እንዳለበት፣ መስመር ለማደስም ገንዘብ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ፤ ጭማሪውን በጅምላ አልቃወምም። ነገር ግን በአንድ እጁ ሰዉን ከከሰል ውጣ እያለ በሌላው እጁ ንጹሑን ኃይል የሚያስወድድ መንግሥት ሁለቱን እጆቹን ማናበብ አለበት። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው የአየር ንብረት ፖሊሲያችን መሆን ያለበት ምጣድ የሚችል ዝቅተኛ የታሪፍ እርከንና የሚሸከመው ትራንስፎርመር ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ስምንት ምጣድ በስምንት ቤት ለአንድ ሰዓት ከሚበራ፣ አንድ ምጣድ በአንድ ቤት ለስምንት ሰዓት ቢበራ ለመስመሩ እጅግ ይቀለዋል። እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ ሴቶች በማኅበር ቢደራጁ፣ የራሳቸው ሦስት ፌዝ መስመር ቢሳብላቸው፣ ጭነቱ በማይበዛበት ሰዓት ሲጋግሩም በቅናሽ ቢከፍሉ፣ ሰፈሩ ከጭስ ይወጣል፤ እነርሱም ቋሚ ገቢ ያገኛሉ። ይህንን ለመጀመር የውጭ እርዳታ መጠበቅ አያስፈልግም።

ኤሌክትሪክ እስኪዳረስ ከሰል አይጠፋም፤ ስለዚህ ከሰሉ ከየት እንደሚመጣ መለየት ይገባል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር በማሳቸው ላይ ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይዘሩታል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጠው ያከስሉታል፤ መሬቱም አርፎ ለጤፍ ይመለሳል። አካባቢው በዛፍ ተሸፈነ፣ ገበሬውም ገንዘብ ያዘ። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ደርቋል፤ በአንድ የዛፍ ዓይነት ብቻ የመደገፍን ጉዳት አሳይቷል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ኬላ ላይ ያለው ቀረጥ ከተተከለ ዛፍ የወጣውን ከሰል በነጻ ቢያሳልፍና ከተፈጥሮ ደን በተቆረጠው ላይ ቢከብድ፣ ያው የካርበን ዋጋ ነው። ፒጉም ቢያየው ያውቀዋል።

ስለ አገራዊው ፖሊሲ ብዙ ስለተባለ ባጭሩ ልለፈው። በ2011 ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን የነበረው ልቀት በነበረው አካሄድ ከቀጠለ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቶ፣ ባለበት ለመያዝ አቀደ። በፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት የገባነውና በ2021 የታደሰው ቃል ኪዳን የ2030ውን ቅነሳ 68.8 በመቶ አደረሰው፤ በራሳችን አቅም የምንወጣው የ14 በመቶ ቅነሳ ነው፤ የቀረው የውጭ ድጋፍ ከተገኘ ነው። አብዛኛው ልቀታችን የሚመጣው ከከብትና ከእርሻ፣ ከደን መመናመንም እንጂ ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ አይደለም። ስለዚህ ዕቅዱ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በገበሬው ማሳና በሴቶች ማጀት ነው። በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ የውጭ ምንዛሪ ለመቆጠብ የተወሰደ ጠንካራ እርምጃ ነው፤ እደግፈዋለሁም። የጎንደርን አየር ንብረት የሚወስነው ግን የቤት መኪና አይደለም።

ውጭ ንግዳችን ላይ ስላለው ነገርም ጠይቃችሁኛል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2026 ጀምሮ በድንበሩ የሚያስከፍለው የካርበን ክፍያ ሲሚንቶን፣ ብረትን፣ አልሙኒየምን፣ ማዳበሪያን፣ ሃይድሮጅንና ኤሌክትሪክን የሚመለከት ነው፤ የመተማ ሰሊጥ ውስጡ የለም። ቡና ግን በሌላ ሕግ ይታያል። ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ ያልበቀለ መሆኑን በማሳው መገኛ ማስረዳት ይጠየቃል። ሕጉ የሚጀምርበት ቀን በተደጋጋሚ ቢገፋም መምጣቱ ስለማይቀር፣ በጣና ዙሪያ ቡና የሚያለሙ ገበሬዎች የማሳቸውን መገኛ ከአሁኑ ቢያስመዘግቡ ይበጃቸዋል።

አሁን ገንዘብ ወደ እኛ ሊመጣበት ስለሚችለው መንገድ፣ ስለ ካርበን ሽያጭ፤ ይኸውም ደን ከአየር ስቦ የያዘውን ካርበን በቶን ለክቶ ለገዢ መሸጥ ነው። በወላይታ ሁምቦ የሆነውን እንይ። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ወርልድ ቪዥን ከተባለው ድርጅት ጋር ሆነው 2,700 ሄክታር ያህል የተራቆተ ተራራ ከግጦሽና ከመጥረቢያ ከለሉ። ችግኝ ብቻ አይደለም የተከሉት፤ ከአሮጌ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመለመሉ አሳደጉ። ሥራው በ2009 በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ የባዮካርበን ፈንድ 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። ማኅበራቱ በገንዘቡ ወፍጮና የእህል መጋዘን ሠሩ። ምንጮች ተመለሱ። ይህ ሁሉ የሆነው ተራራው በማኅበራቱ ስም የተጠቃሚነት ማረጋገጫ ስለወጣለት ነው። በ2018 የወጣው የደን አዋጅም የማኅበረሰብ ደንን ስለሚያውቅ፣ በመተማና በቋራ የዕጣን ዛፍ ለሚጠብቁ ሰዎች ተመሳሳይ በር ክፍት ነው።

በዚህ ላይ ሳልደብቅ የምናገረው ስጋት አለኝ። አውሮፓ ውስጥ የአንድ ቶን የልቀት ፈቃድ ከ60 ዩሮ በላይ ሲሸጥ፣ የአፍሪካ ደን ቶን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከ10 ዶላር በታች ነው። በፓሪስ ስምምነት ሕግ መሠረት ለሌላ አገር ቃል ኪዳን የተሸጠ ቶን በእኛ ቃል ኪዳን ውስጥ ዳግመኛ አይቆጠርም። ስለዚህ ርካሹንና ቀላሉን ቅነሳ በ10 ዶላር ሸጠን ስንጨርስ፣ የራሳችንን ግብ ለማሟላት የሚቀረን ውዱና ከባዱ ነው። ውል የሚፈርሙ ባለሥልጣናት ይህንን ሒሳብ ለሕዝብ ማሳየት አለባቸው፦ ስንት ቶን፣ በስንት ዋጋ፣ ለስንት ዓመት፤ ከእያንዳንዱ ብርም ደኑን ለሚጠብቀው ቀበሌ ስንት እንደሚደርስ። ይህ በአደባባይ ካልተነገረ የደኑ ጠባቂ ከሰል ከሚያከስለው ጎረቤቱ ያነሰ ያገኛል፤ ያን ጊዜ ደኑን ማንም አያድነውም።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልመልስ።

አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ወንድማችን በኤሌክትሪክ ወደሚሠራው ቢሸጋገር ያዋጣው እንደሆነ ጠየቀ። የዕለት የነዳጅ ወጪህን ጻፍ፤ በጄሪካን የምትገዛበትን ቀን በጄሪካኑ ዋጋ ቁጠረው። ከዚያ የባትሪውን ዋጋ በሚያገለግልበት ዓመት አካፍል። በሜዳ ላይ የተነገረህን የርቀት ቁጥር አትመን፤ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለውን አቀበት ሰው ጭነህ ሞክረው። ብድሩን ለብቻህ ከምትወስድ ከማኅበራችሁ ጋር ብትወስዱ፣ መለዋወጫ ባትሪ በጋራ መግዛት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ አባት ዘንድ ነው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ገደማ ባሕር ዛፍ አለኝ፤ ካርበኑን መሸጥ እችላለሁ ወይ አሉኝ። አባቴ፣ ሒሳቡ እንዲህ ነው። በሁምቦ በ30 ዓመት ይያዛል ተብሎ የተገመተው 880,000 ቶን ነበር፤ ለሄክታር በዓመት 11 ቶን ያህል ማለት ነው። በዚያ ልክ ብናስብ የእርስዎ መሬት በዓመት ከሦስት ቶን በታች ይይዛል፤ በቶን 10 ዶላር ቢሸጥ እንኳ 4,000 ብር ገደማ ነው። ለክቶ የሚያረጋግጠው ባለሙያ የሚጠይቀው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ደግሞም እርስዎ ባሕር ዛፉን የተከሉት ለአጠናና ለማገዶ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ያለ እርሱ ገንዘብ ሊተከል ወይም ሊድን ላልቻለ ዛፍ ብቻ ነው። አጠናዎን በገበያው ዋጋ ይሽጡ። በቀበሌዎ ከግጦሽ የተከለለው ተራራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ በመቶዎች ሄክታር የሚቆጠር ከሆነ፣ ከጎረቤት ቀበሌዎች ጋር ተዳምሮ ገዢ ሊያገኝ ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ወረቀት በማኅበሩ ስም የወጣ የተጠቃሚነት ደብተር ነው፤ እርሱን ለማውጣት ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ከሌሎቹ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ጋር ይሂዱ፤ የወሰኑን ልኬት ሲሠሩም የአዋሳኝ ቀበሌ ሰዎች ቆመው እንዲያዩና እንዲፈርሙ ያድርጉ።